ነገ ማነው የሚወረውረው? ቡድናችሁን በኦክቶበር ቤዝቦል የመከታተያ መመሪያ

በ2019 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አንድ ፓርኪንግ ጋራዥ የማታ ሺፍት እሠራ ነበር። በራፉ ላይ ታክሲያቸውን የሚያቆሙ አንድ አባት ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ቤዝቦልን በታክሲ ራዲዮ ነው የለመዱት። "ጋሼ፣ ትናንት ስንት ለስንት ወጡ?" ስላቸው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። "የትናንቱን ተወው። ነገ ማነው የሚወረውረው?"

ያኔ አልገባኝም ነበር። እኔ ያደግኩት በእግር ኳስ ነው። የእግር ኳስ ቲፎዞ ውጤት ያያል፣ ደረጃ ሠንጠረዥ ያያል፣ ይተኛል። ቤዝቦል ላይ ግን፣ በተለይ ኦክቶበር ገብቶ ጥሎ ማለፉ (ፕሌይኦፉ) ሲጀመር፣ የጋሼ ጥያቄ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል። የዛን ዓመት ዋሽንግተን ናሽናልስ ሻምፒዮን ሆነ። እኔም የሽማግሌውን ጥያቄ ይዤ ቀረሁ። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ወዲህ የለመድኩት አካሄድ ነው። ምሳሌው በአብዛኛው ናሽናልስ ነው፤ እናንተ የራሳችሁን ቡድን ተኩበት።

ደረጃ 1፦ መግባቱን ራሳችሁ አስሉ

ሴፕቴምበር ላይ ሰው ሁሉ "ማጂክ ነምበር" ሲል ትሰማላችሁ። አስማት የለበትም፣ ለመግባት ስንት እንደቀረ የሚነግር የመቀነስ ሒሳብ ነው። አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር 162 ጨዋታ ይጫወታል። 163ን ያዙ። ከዚያ ላይ የእናንተን ቡድን ድል ቀንሱ፣ ቀጥሎ የተከታዩን ቡድን ሽንፈት ቀንሱ። ቡድናችሁ 88 ጊዜ ቢያሸንፍ፣ የሚከተለው ደግሞ 72 ጊዜ ቢሸነፍ፦ 163 ሲቀነስ 88፣ ሲቀነስ 72፣ ሦስት ይቀራል። የእናንተ ድልና የእነሱ ሽንፈት ተደምሮ ሦስት ሲሞላ አበቃ። ሻምፓኙ ይከፈታል።

ከ2022 ጀምሮ በእኩል ድል የጨረሱ ቡድኖች ተጨማሪ ጨዋታ አይጫወቱም። እርስ በርስ ሲገናኙ ማን በለጠ የሚለው ይታያል። ስለዚህ በእርስ በርስ ግንኙነት የምትበልጡ ከሆነ ከ163 ይልቅ ከ162 ጀምሩ።

ተስፋ ለመቁረጥ ደግሞ አትቸኩሉ። ናሽናልስ በ2019 ሜይ መጨረሻ አካባቢ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር። ሰው አሰልጣኙ ይባረር ይል ነበር። 93 አሸንፎ ጨረሰ።

ደረጃ 2፦ መንገዱን በአንድ ወረቀት ላይ ሣሉ

ፕሪሚየር ሊግ ላይ 38 ጨዋታ ተጫውቶ አንደኛ የወጣ ዋንጫውን ይወስዳል። እዚህ 162 ጨዋታ ተጫውታችሁ የምታገኙት የመግቢያ ወረቀት ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ይሄ ለእኛ ሰው ትንሽ ግፍ ይመስላል። እኔንም አሁንም ድረስ ይከነክነኛል፤ ግን ኦክቶበርን የሚያጣፍጠውም እሱ ነው።

30 ቡድኖች አሉ፤ 15ቱ አሜሪካን ሊግ፣ 15ቱ ናሽናል ሊግ። ከየሊጉ ስድስት ይገባሉ። የሦስቱ ምድብ አንደኞች ከ1 እስከ 3 ደረጃ ይይዛሉ። ከቀሩት ጥሩ ውጤት ያላቸው ሦስቱ ዋይልድ ካርድ ተብለው ከ4 እስከ 6 ይሰለፋሉ። 1ኛና 2ኛ የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ ያልፋሉ።

የመጀመሪያው ዙር ሁለት የቀደመ የሚያልፍበት ነው። 3ኛው ከ6ኛ፣ 4ኛው ከ5ኛ ይገናኛሉ። ሁሉም ጨዋታ በተሻለው ቡድን ሜዳ ነው፣ በተከታታይ ቀናት። ቡድናችሁ ደካማው ከሆነ በዚህ ዙር ሜዳው ላይ አታዩትም ማለት ነው። ሁለተኛው ዙር ሦስት የቀደመ ነው። ሦስተኛውና የመጨረሻው የዋንጫ ዙር፣ ወርልድ ሲሪስ፣ አራት የቀደመ ናቸው። በእነዚህ በሁለቱ ሁለት ጨዋታ በተሻለው ሜዳ፣ ሦስት በሌላኛው፣ ካስፈለገ ሁለት ተመልሶ በተሻለው ይደረጋል። በአጭሩ፣ የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወት ያለፈ ቡድን ለዋንጫ 11 ድል ይበቃዋል፣ ከታች የመጣው 13 ያስፈልገዋል።

ይህን ሥዕል ፍሪጅ ላይ ለጥፉት። የቤት ሰውም ለምን እንቅልፍ እንዳጣችሁ ይገባዋል።

ደረጃ 3፦ የፒቸሮች ደብተር

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ፒቸር ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች ነው። ጨዋታውን የሚጀምረው ስታርተር ይባላል። ከእሱ በኋላ እየተቀያየሩ የሚገቡት ሪሊቨር ናቸው፤ ሜዳው ዳር ቡልፔን የሚባል ቦታ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ክንድ ጎማ አይደለም። ዛሬ 95 ኳስ የወረወረ ስታርተር ነገ አይመለስም። በተለመደው አካሄድ አራት ቀን ያርፋል። ማክሰኞ የወረወረ እሁድ ላይ ነው የሚጠበቀው።

በመደበኛው ውድድር ቡድኖች ብዙውን ጊዜ አምስት ስታርተር ያፈራርቃሉ። ኦክቶበር ላይ በሦስት ወይም በአራት ይሄዳሉ። ደካማው ወደ ቡልፔን ይላካል። ስለዚህ ያው ቡድን ኦክቶበር ላይ ሌላ ቡድን ይሆናል። ሁለት አስፈሪ ስታርተር ያለው ቡድን 162 ጨዋታ ላይ መካከለኛ ሆኖ ኦክቶበር ላይ አልቀመስ ሊል ይችላል።

የአንድ ብር ደብተር ይበቃል። የእኔ ከፓርኪንጉ ቲኬት ጥራዝ ጀርባ ነበር። አራት ዓምድ አስምሩ፦ ስም፣ የወረወረበት ቀን፣ የኳስ ብዛት፣ መቼ ይመለሳል። ለሁለቱም ቡድን ጻፉ። ሪሊቨሮቹንም አትርሱ፤ ትናንት 30 ኳስ የወረወረ ሪሊቨር ዛሬ ቢገባም የደከመ ክንድ ነው። የኳሱ ቁጥር ከጨዋታው በኋላ ኤምኤልቢ በሚባለው የሊጉ አፕ ላይ ይገኛል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህ ደብተር ምን እንደሚጠቅም ልንገራችሁ። 2019 ወርልድ ሲሪስ፣ ናሽናልስ ከሂዩስተን አስትሮስ። አምስተኛው ጨዋታ እሁድ ማታ ነው፤ ሁለት ለሁለት ናቸው። ደብተሬ ላይ የእሁዱ ፒቸር ማክስ ሸርዘር ነው። ከሰዓት በኋላ ሸርዘር አንገቱ ተይዞ ክንዱን ማንሳት አቅቶታል የሚል ወሬ መጣ። በእሱ ቦታ ጆ ሮስ ገባ። በዚያ በኩል የቆመው ጌሪት ኮል ነው። ጋሼ ራዲዮውን ሳይከፍቱ "ዛሬ የለንም" አሉኝ። 7 ለ 1 ተሸነፍን።

ሌላው ሰው ቀብሮን ሄደ። ጋሼ ግን ጣታቸውን ደብተሩ ላይ አድርገው፦ "ማክሰኞ ስትራስበርግ ነው። እሱ ካሸነፈ ረቡዕ ሸርዘር አንገቱ ይለቀዋል።" ስቴፈን ስትራስበርግ ማክሰኞ ዘጠነኛው ኢኒንግ ድረስ ሄደ (ጨዋታው በዘጠኝ ኢኒንግ ይከፈላል፤ በእያንዳንዱ ሁለቱም ቡድን ተራ በተራ ይመታል)፤ አሸነፍን። ረቡዕ ሸርዘር ተነሥቶ አምስት ኢኒንግ ወረወረ። ከእሱ ቀጥሎ የገባው ፓትሪክ ኮርቢን ራሱ ስታርተር ነው፤ በሰባተኛ ጨዋታ ነገ የሚባል ስለሌለ ማንም አይቆጠብም። በ2025ም የዶጀርሱ ዮሺኖቡ ያማሞቶ ስድስተኛውን ጨዋታ ጀምሮ በማግስቱ ሰባተኛውን መጥቶ ዘጋው። የአራት ቀን ዕረፍት የሚባለው ሕግ የሚፈርሰው እንዲህ ያለ ቀን ነው። ደብተሩ ላይ በቀይ ጻፉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ቡድኖች በየዙሩ የ26 ተጫዋቾችን ዝርዝር አዲስ ያስገባሉ። ዙሩ በሚጀመርበት ጠዋት ይወጣል። ማን ወጣ፣ ማን ገባ፣ ስንት ፒቸር ተያዘ፣ እሱን እዩ። በዙሩ መሀል በጉዳት የተተካ ሰው የሚቀጥለው ዙር ላይም አይመለስም።

ደረጃ 4፦ ሰዓታችሁን አስተካክሉ

የኦክቶበር ትልቁ ጨዋታ በዋሽንግተን አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት አለፍ ብሎ ይጀምራል። ሦስት ሰዓት ግድም ይፈጃል፤ አንዳንዴም ይበልጣል። ጠዋት 11 ሰዓት ሥራ የሚገባ ሰው ወይ ጨዋታውን ወይ እንቅልፉን ይመርጣል። ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ታድላችኋል፤ ለእናንተ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ያው ጨዋታ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። ሪያድም እንደዚያው። ዱባይ 10 ሰዓት። ቴል አቪቭ 9 ሰዓት፣ ፍራንክፈርት 8 ሰዓት ነው፤ ግን እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። እስራኤልና አውሮፓ ሰዓታቸውን የሚመልሱት በኦክቶበር የመጨረሻው እሁድ ነው፣ አሜሪካ ደግሞ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ። በመሀል ባለው ሳምንት፣ ልክ ወርልድ ሲሪስ ሲጋጋል፣ ጨዋታው እናንተ ጋ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይመጣል። ደግሞም "የማክሰኞ ማታ ጨዋታ" ሲባል ለእናንተ የረቡዕ ሌሊት ነው። ስልካችሁ ላይ አላርም ስትሞሉ ቀኑን ሁለት ጊዜ እዩ።

የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ለእናንተ ይመቻሉ። በቀን አራት ጨዋታ ሊኖር ስለሚችል ከሰዓት በኋላ የሚጀምር አይጠፋም። ዋሽንግተን ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት የሆነው አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ እራት ተበልቶ፣ ቡና ተፈልቶ የሚታይ።

ሺፍት የምትሠሩ ደግሞ ከሴፕቴምበር ጀምራችሁ ተቀያየሩ። ለሃበሻ ባልደረባ መስቀልን እኔ እሠራልሃለሁ፣ አንተ ኦክቶበርን ትሠራልኛለህ በሉት። ፕሌይኦፉ የሚጀምረው ከመስቀል በኋላ ነው፤ የደመራው አመድ ሳይበርድ። እኔ በዚህ መንገድ ሦስት ማታ አትርፌያለሁ።

ጨዋታው ተጨማሪ ኢኒንግ ከገባ ደግሞ እዘኑ። በመደበኛው ውድድር ቶሎ እንዲያልቅ ሁለተኛው ቤዝ (ሯጭ እየረገጠ ከሚዞርባቸው ነጥቦች አንዱ) ላይ ሯጭ አስቀምጠው ይጀምራሉ። ኦክቶበር ላይ ያ የለም። በ2025 ወርልድ ሲሪስ የዶጀርስና የብሉ ጄይስ ሦስተኛ ጨዋታ 18 ኢኒንግ ሄዶ ነው ፍሬዲ ፍሪማን በሆምረን፣ ኳሷን ከአጥሩ በላይ አሻግሮ በመምታት፣ የገላገለን። ከስድስት ሰዓት ተኩል በላይ። እኔ 14ኛው ላይ ሶፋው ላይ ወደቅኩ።

ደረጃ 5፦ የት ይታያል፣ የት ይሰማል

አሜሪካ ላሉ፦ ወርልድ ሲሪስ ፎክስ ላይ ነው። ፎክስ በአየር የሚመጣ ቻናል ስለሆነ ርካሽ አንቴና መስኮት ላይ ማንጠልጠል ይበቃል። ከዚያ በፊት ያሉት ዙሮች በተለያዩ ቻናሎች ተበታትነዋል። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ቲቢኤስ አንዱን ሊግ ይይዛል፣ ፎክስና እህት ቻናሉ ሌላውን፤ በየዓመቱ ይቀያየራሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኤምኤልቢ ቲቪ ላይ ነው፤ የሊጉ የክፍያ ስትሪም ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ ከፍያለሁ ብሎ ኦክቶበርን ይጠብቃል። አሜሪካ ውስጥ ግን የፕሌይኦፍ ጨዋታ በቀጥታ ለማየት በላዩ የኬብል አካውንት ይጠይቃችኋል። ከአሜሪካ ውጭ በአብዛኛው አገር ይከፈታል።

ምርጫዬን ከጠየቃችሁኝ ግን ራዲዮ ነው። የቴሌቪዥኑ ተንታኞች ለአገር ሁሉ ነው የሚያወሩት፤ ስለ ቡድናችሁ የሚያውቁት የሳምንት ጥናት ነው። የቡድናችሁ ራዲዮ ሰዎች ግን 162ቱንም አብረዋችሁ ነበሩ። የናሽናልስ ጨዋታ ላይ ቻርሊ ስሎውስና ዴቭ ጃግለር ነበሩ። ድምፃቸው ሲቀየር ብቻ ምን እየመጣ እንደሆነ ይገባኛል።

ሰባተኛውን ጨዋታ የሰማሁት በእነሱ ነው። ጋራዡ ውስጥ፣ ሳጥኗ ክፍል ውስጥ፣ የራዲዮው አንቴና ከመስኮቱ ፍሬም ጋር በፕላስተር ታስሮ። ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ 2 ለ 0 እየተመራን ነው። አንቶኒ ሬንዶን ሆምረን መታ፣ 2 ለ 1። ሁዋን ሶቶ በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ተራመደ። አስትሮሶች ፒቸራቸውን ቀየሩ፣ ዊል ሃሪስ ገባ። አንድ ደንበኛ መጥቶ ቲኬቱን በመስኮቱ አቀበለኝ። ቁልፉን ከመስቀያው አወረድኩና እጄ ላይ ቀረ። ሃዊ ኬንድሪክ ወደ ቀኝ ጥግ መታት። ኳሷ ስትሄድ፣ ስትሄድ፣ የድንበሩን ብረት ምሰሶ ነካች። ምሰሶውን ከነካች ሆምረን ነው፤ ሶቶም አብሮት ዞሮ ገባ፣ 3 ለ 2። ደንበኛው ክንዱን በመስኮቱ አስገብቶ ትከሻዬን ይዞ ይነቀንቀኛል። ቁልፉ ከእጄ ወድቆ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ለማግኘት እስከ ስምንተኛው ኢኒንግ ፈጀብን፤ እሱም አልቸኮለም።

በስልክ ስትሪም የምታዩ ግን አንድ ምክር። ስትሪም ከራዲዮና ከአንቴና ወደ ኋላ ይቀራል። የቴሌግራም ግሩፑን ድምፅ ዝጉ። ኳሷ ገና በአየር ላይ ሳለች የአጎት ልጅ "ኡኡኡ!" ብሎ ከላከ ማታችሁ ተበላሸ።

ደረጃ 6፦ ስታዲየም ልትገቡ ከሆነ

የፕሌይኦፍ ቲኬት መጀመሪያ የሚሸጠው ዓመቱን ሙሉ ለገዙ ሰዎች ነው። የተረፈው ኢሜይላቸውን ላስመዘገቡ ይሄዳል፤ ስለዚህ በኦገስት በቡድኑ ድረ ገጽ ተመዝገቡ። ካስፈለገ ብቻ የሚደረጉ ጨዋታዎች አሉ። ካልተደረጉ ገንዘቡ ይመለሳል፤ ከዳግም ሻጭ የገዛችሁት ግን በሻጩ ሕግ ነው፣ አንብቡት።

ስክሪንሹት ቲኬት አትግዙ። እኔ ገዝቼ አውቃለሁ። ባለቤቱን በሰው በሰው ነው ያገኘሁት፣ ወንድምዬ እያለ ነው የሸጠልኝ። በሩ ላይ ማሽኗ ቀይ አበራች፤ በዚህ ቲኬት ሌላ ሰው ቀድሞ ገብቷል። ቲኬት የሚገዛው ከአካውንት ወደ አካውንት ሲዛወር ብቻ ነው፤ አፑ ላይ በስማችሁ ካልገባ ገንዘብ አትላኩ።

ናሽናልስ ፓርክ የምትሄዱ በሜትሮ አረንጓዴው መስመር ኔቪ ያርድ ውረዱ። የመጨረሻው ባቡር ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳታዩ ግን አትግቡ፤ የኦክቶበር ጨዋታ ባቡር አይጠብቅም። ብርዱንም አትናቁት። ከሰዓት በኋላ ሲሞቅ ያታልላል፣ ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ ጋቢ ያስመኛል።

ገንዘቡ ከሌላችሁ አትቆጩ። በ2019 ዋሽንግተን ላይ የተደረጉትን ሦስቱንም የወርልድ ሲሪስ ጨዋታዎች ተሸንፈናል። አራቱን ያሸነፍነው ሂዩስተን ላይ ነው። ሰባቱንም እንግዳው ቡድን ነው ያሸነፈው። የወር ቤት ኪራይ ከፍሎ የገባው ጓደኛዬ ሽንፈት አየ፤ እኔ ጋራዥ ውስጥ ዋንጫ ሰማሁ። ለሰባተኛው ጨዋታ ስታዲየሙ በትልቁ ስክሪን ለሕዝብ ክፍት ነበር፤ ሰው በዝናብ እየተደበደበ ነው ያየው። ቡድናችሁ ከሜዳው ውጭ ሲጫወት እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ጠይቁ።

ደረጃ 7፦ ቤት ውስጥ

ሰው ጥሩ። ቤዝቦል ብቻን ሲያዩት ረጅም ነው፣ ከሰው ጋር ግን ለወሬ የተሠራ ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ ዳር ተቀምጠው ሱፍ እየፈለፈሉ ይተፋሉ። እኛ ቆሎ አለን። ሱፍ የተቀላቀለበት የገብስ ቆሎ ለዘጠኝ ኢኒንግ የተፈጠረ ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት ነውና ከባድ ነገር ካማራችሁ ከጨዋታው በፊት ጨርሱት፤ በጥሬ ሥጋ ላይ ተጨማሪ ኢኒንግ አይቻልም።

ለጀማሪ እንግዳ ሕጉን ሁሉ አትዘርዝሩበት። ሦስት ሰው ሲወጣ ተራ ይቀየራል፣ ዞሮ የመጣ አንድ ነጥብ ነው፣ ይበቃዋል። ቀሪውን ራሱ ይጠይቃል።

ማሊያ ሳይታጠብ፣ ወንበር ሳይቀየር የሚያይ ሰው ካለ ተዉት። እኔ አላምንበትም። ግን ያቺን የአንቴና ፕላስተር አልነቀልኳትም ነበር።

ደረጃ 8፦ ሲሸነፍ፣ ሲወጣ

ሦስት ለዜሮ ተመርቶ የተመለሰ ቡድን በታሪክ አንድ ብቻ ነው፤ የ2004 ቦስተን ሬድ ሶክስ በያንኪስ ላይ። ስለዚህ ሦስት ለዜሮ ላይ ደጋፊነቱ ይቀጥል እንጂ የአውሮፕላን ቲኬት አትቁረጡ። ለቀልባችሁ ደግሞ 2012ን አስታውሱ። ናሽናልስ በወሳኙ አምስተኛ ጨዋታ ካርዲናልስን 6 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 9 ለ 7 ተሸንፎ ወጣ። ጋሼ ያን ማታ ታክሲውን መንገድ ዳር አቁመው ግማሽ ሰዓት ዝም ብለው ተቀመጡ ብለውኛል። ከሽንፈት በኋላ ሌሊቱን ስልክ ላይ አስተያየት አታንብቡ። ተኙ። ጠዋት ደብተሩን ክፈቱ።

ቡድናችሁ ከነአካቴው ካልገባ፣ እንደ እኛ ከ2019 ወዲህ፣ ለአንድ ወር ቡድን ተዋሱ። እዚሁ ጎረቤት ባልቲሞር ኦሪዮልስ አለ። በ2023 እና በ2024 ገብቶ አንድ ጨዋታ እንኳን ሳያሸንፍ ወጣ፤ ተውሶውም አልቀናኝም። ወይም አንድ የምትወዱትን ፒቸር ምረጡና እሱ በሚወረውርበት ቀን ብቻ ተቀመጡ። በሳምንት አንድ ማታ ነው፤ ትዳርም አያፈርስም።

ሁሉም ሲያልቅ ለኦክቶበር ብላችሁ የከፈታችሁትን የአንድ ሳምንት ነፃ ሙከራ በዚያው ማታ ዝጉት። እኔ አንዱን ረስቼ እስከ ጥምቀት ከፍዬበታለሁ።